የምን ማር?

4. ታካሚው የሚወስዱት መድኃኒት፦

የደም ግፊት ኪኒን። ሌላ የለም።

(ከአራት የጀመርኩት የቅጹ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው ስም፣ ዕድሜና የመጡበት ምክንያት ስለሆነ ነው። አባባ ይርጋ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ዛሬ ረፋድ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ።)

5. የመርሳት ችግር አለባቸው?

ሰመመን ሰጪዋ፦ የምጠይቃችሁ ለወጉ አይደለም። ጡንቻ የምናዝልበት መርፌ ከአንዳንድ የመርሳት ኪኒን ጋር ከተገናኘ ቶሎ አይለቅም፤ ትንፋሻቸው ይዘገያል። ካወቅሁ ሌላ መርፌ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መኩሪያ፦ አባቴ? ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው ነው እኮ፣ ዶክተር።

እኔ፦

(ይሄ ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። መልሴ ነው።)

6. ቅጹ ያልጠየቀው

አባባ የሰፈሩ አስታራቂ ነው። ጋሼ መኩሪያ «ጃጀ» የሚለውን ቃል ከቤታችን ከልክሏል፤ ከተሰማ ማን ለሽምግልና ይጠራዋል ብሎ። እኔ ግን ደብቄ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ኪኒን ታዘዘለት።

ስምንት ወሩ።

7. አሰጣጥ

ኪኒኑን በሁለት ማንኪያ መሀል ጨፍልቂ። በማር ለውሺ። ወንድምሽ እስኪወጣ ጠብቂ። «አባባ፣ ማርህ መጣ» በይ። ይስቃል። አንቺም ሳቂ።

ዛሬ ምንም አይቅመስ ስላሉ አልሰጠሁትም። አንድ ቀን ከዘለለ ከሰውነቱ ይወጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማን ነገረሽ በሉኝ። ማንም። ወንድሜን ፈርቼ ነው።

8. በሩ

አልጋውን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሲገፉት አባባ አንገቱን አዞረ። ስሜን ከረሳ ቆይቷል።

አባባ፦ አንቺ ልጅ፣ ማሬን ዛሬ አትሰጪኝም?

ጋሼ መኩሪያ፦ የምን ማር?

በሩ ተዘጋ።

ጋሼ መኩሪያ፦ የምን ማር ነው የሚለው?

8. በሩ

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። በሩ ከተዘጋ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። ወንድሜ ክንዴን ይዞ መልስ ይጠብቃል።

8. በሩ

ክንዴን አስለቅቄ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ነርሷ ብቅ አለች።

እኔ፦ የመርሳት ኪኒን ይወስዳል። በማር እየደበቅሁ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሰመመን ሰጪዋ መርፌውን ወግታዋለች?

ነርሷ፦

(ወደ ውስጥ ሮጠች።)