ቀድሞ የገባው ፖሊመር

"አጥፋው! ውረድ!" ጭቃ ቀላቃይዋ እጇን እያወናጨፈች ወደ መቆፈሪያው ማሽን ሮጠች። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ባሏ ነው። ድምፅዋ ባይሰማውም ፊቷን አይቶ ሞተሩን አጠፋ።

ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈረው ጉድጓድ አሥራ ስምንት ሜትር ወርዷል። ኮንክሪት እስኪሞላበት ድረስ ግድግዳው እንዳይናድ ደግፎ የሚይዘው እሷ ቤንቶናይት ከሚባል የሸክላ አፈር ዱቄት የምትቀላቅለው ጭቃ ብቻ ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄዳ አርፍዳ ስትደርስ ቁፋሮው ተጀምሯል፤ ጭቃው ግን ወደ አሸዋው እየሰረገ ይጎድላል። በመለኪያዋ ጠባብ ቀዳዳ ብታፈሰው፣ አርባ ሴኮንድ መፍጀት ሲገባው በሠላሳ አንድ ተንጠፍጥፎ አለቀ። ጉድጓዱ ቢናድ ማሽኑም ባሏም አብረው ይገባሉ።

"ምን ሆነሻል? ምነው እንዲህ ቀልብሽ ተገፈፈ?" አላት ወርዶ።

"ጭቃው ውሃ ሆኗል። ትናንት ከሄድኩ በኋላ ታንከሬን ማን ነካው?"

ባልየው ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገ። "እኔ ነኝ። እጅሽን ሲያምሽ አላስችል አለኝ። እንዳንቺው ነው ያደረግኩት፤ መጀመሪያ ፖሊመሩን፣ ከዚያ ቤንቶናይቱን…"

"መጀመሪያ ፖሊመሩን?"

"ምነው?"

ሳቋም እንባዋም እኩል መጣ። ቤንቶናይቱ መጀመሪያ ውሃውን ጠጥቶ፣ አድሮ ማበጥ አለበት። ጭቃውን ይበልጥ የሚያወፍረው ፖሊመር ከቀደመው ዱቄቱን ሸፍኖ ውሃ ይከለክለዋል። አሥር ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን አለማወቁ ገረማት። ደግሞስ መቼ ነገረችው? ታንከሩን እንደ ጓዳዋ ማንንም አታስነካም።

ፎርማኑ መዝገቡን ይዞ ደረሰ፤ ጭቃው መቅጠኑን ነገረችው። "ጉድጓዱ በአፈር ይሞላ። አንድ ቀን ከሰርን። ማን ነው የቀላቀለው?"

"እኔ" ለማለት ዳድቷት ነበር። ግን "ይህ ጭቃ አይሆንም" ስትል ማሽን የሚቆመው ቃሏ ስለሚታመን ነው። አሁን ባሏን በሕይወት ያወረደላት እሱው ቃል ነው።

"ባለቤቴ ነው፣ ጋሼ" አለች። "ለኔ አዝኖ ነው። ያላስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሁለታችንንም ይጻፉን።"

ፎርማኑ ቀና ብሎ አያቸውና ጽፎ ሄደ። ባልየው አንገቱን እንደደፋ ቀረ።

"አኮረፍክ እንዴ?"

"ኧረ አፍሬ ነው።"

አንድ ጆንያ ቤንቶናይት ጎትታ እግሩ ሥር አቆመችለት።

"ና፣ ፍታው" አለችው። "ቀስ እያልክ ውሃው ላይ በትን። ፖሊመሩን ነገ አብረን እንጨምራለን።"