ለሎፓካ የተተወ ማዕበል

ባሌን ሎፓካን እንቅልፍ ወሰደብኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ፀጉሯን ይዤ በሰፈራችን በዋይማናሎ መንገድ እጎትታት ነበር፤ እንቅልፍን ምኑን ይዤ ልጎትተው? ዐይኑን የበላው የስኳር በሽታ ነው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቆይቶ ቀኙን። አሁን የቀረው ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ነው፣ እሱም ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን።

ጠዋት ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቀርብለታለሁ፤ ቀመስ ቀመስ ያደርግና ተመልሶ ይጋደማል። ከሰዓትም ይተኛል። "ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ዶሮ እንኳ በዚህ ሰዓት አትሰፍርም!" ብዬ እጮኽበታለሁ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን ግን ነገረኝ።

"ስተኛ አያለሁ፣ ኢዋ" አለኝ። "ያንን ባሕራችንን፣ ማካፑኡን አያለሁ። ማዕበሉ ሥር ስገባ አሸዋው እንደ ጭስ ሲነሳ፣ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ሲንቀጠቀጥ፣ አንቺ በዚያ በቀዩ የዋና ልብስሽ። ሁሉም አለ። የሚጨልምብኝ ስነቃ ነው።"

ወጥቼ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ቆሜ አለቀስኩ፤ ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር አልተሰማም።

እውነቱንም ነበር። ሌሊት አጠገቡ ስጋደም እግሮቹ አንሶላው ሥር ይቀዝፋሉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ፈጠን፣ ፈጠን፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ። ጸጥ ሲል ማዕበሉ እንደያዘው አውቃለሁ። ቀኝ እጁ ትራሱን አልፎ ይዘረጋል፣ ፊቱ ይፈታል። እኔ ጨለማ ውስጥ ዐይኔን አፍጥጬ እቀናለሁ። በእንቅልፍ እቀናለሁ፣ በሕልሙ ውስጥ ባለችው በዚያች ባለ ቀይ ልብስ ሴትዮ እቀናለሁ። እኔው ነኝ፣ ግን ሠላሳ ዓመት ታንሰኛለች፤ እንዴት አልቅና?

እኛን ያገናኘን ባሕር ነው። ሎፓካ ሰዎች ማዕበል ላይ ቆመው የሚጋልቡበትን ትልቁን ሰሌዳ ነክቶት አያውቅም፤ ያንን የያዙትን ሲያይ "ወንበር ተሸክሞ ባሕር የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም" እያለ ያበሽቃቸው ነበር። የኛ ነገር ገላ ብቻ ነው። እግር ላይ አጫጭር የጎማ መቅዘፊያ፣ መዳፍ ላይ ደግሞ በማሰሪያ የምትገባ፣ ሽንኩርት ከምንከትፍባት ጣውላ የማትበልጥ ሳንቃ። ማዕበሉ ሲነሳ ትቀዝፋለህ፤ ሲያነሳህ ክንድህን ትዘረጋለህ፤ ሳንቃዋ ደረትህን ከውሃው ብድግ ታደርገዋለች፤ የቀረውን ባሕሩ ይሠራዋል። ሎፓካ ሳንቃዋን ራሱ ነው ዳቦ የሚመስል ፍሬ ከሚያፈራው ከዳቦ ዛፍ እንጨት የጠረባት። ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አቧራ ስትጠጣ ከረመች።

እና አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳይነካ "ሳንቃዋን ለታዳሺ ስጪው" አለኝ።

"ለምን?"

"ምን ያደርግልኛል? እኔ ተኝቼ እሄዳለሁ።"

"አንድ ጊዜ ሂድና ከዚያ ትሰጠዋለህ" አልኩት። "አንድ ጊዜ! በነቃህበት!"

"እሺ" አለ። "አንድ ማዕበል። ካልሆነልኝ ግን፣ ኢዋ፣ ከዚያ በኋላ አትቀስቅሺኝ። መቼም አትቀስቅሺኝ።"

እሺ አልኩት። ምን አማራጭ ነበረኝ?

ታዳሺ ጋ ደወልኩ። ታዳሺ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ከሎፓካ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባሕር ውስጥ ሲጨቃጨቁ ነው ያረጁት። ነገሩን ነገርኩት። "ለኔ ተይው፣ ሁሉን አዘጋጃለሁ" አለ። "አንድም ሰው አይነካውም። ማዕበሉን ሁሉ ለሱ እንለቅለታለን።"

እሑድ ማለዳ ማካፑኡ ደረስን። ነፋሱ ገና አልተነሳም። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ከፊታችን ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ሥራቸው በጭጋግ ተቆርጦ ከውሃው ከፍ ብለው የተንሳፈፉ መሰሉኝ። ማዕበሉ ከሩቅ፣ ሳይቸኩል፣ እያዛጋ ነበር የሚመጣው። እኔ ራሴ የነቃሁ አልመሰለኝም።

ሰዎቹ አሸዋው ላይ ይጠብቁን ነበር። ታዳሺ አለ፣ ሶዛ አለ፣ ጠዋት ጠዋት አብረውን የሚዋኙት ሌሎቹም አሉ። ሶዛ ጣራ ሠሪ ነው፤ አፉ ተዘግቶ አያውቅም። ማዕበል ሲሻማ ከደሴቱ ማዶ ይሰማል፣ ሎፓካንም "አንተ ኤሊ" ከማለት ሌላ ጠርቶት አያውቅም። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ፣ በለሆሳስ፣ በኛ ዘንድ ታላቅ ሰው እንደሚጠራው "አጎቴ፣ እንደምን አደሩ?" አለው።

አደሩ! ሶዛ! ሎፓካ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። "ማነው እሱ?" አለኝ።

"ሶዛ ነው።"

"ታሟል እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። እጁን ይዤ ወደ ውሃው አስገባሁት፤ ወገባችን ድረስ ሲደርስ ታዳሺ መቅዘፊያዎቹን አጠለቀለት፤ እኔ ሳንቃዋን መዳፉ ላይ አሰርኩለት። ውሃው ለብ ያለ ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ሥሩ ገባን፤ እዚያ ታች እጄን ጭብጥ አደረገኝ። ዐይኔን ገልጬ አየሁት፤ እሱም ዐይኑን ገልጦ ነበር፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ይወዛወዛል፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይሮጣል። እንደነገረኝ ነበር፣ ልክ እንደነገረኝ። ትንፋሼ ባያልቅ ኖሮ እዚያው በቀረሁ።

ማዕበሉ ከሚነሳበት ቦታ ደረስን። ሌሎቹ ቀስ ብለው መጡና ዙሪያውን ያዙ፤ የባሕሩ ፍሰት እንዳይወስደው፣ ሰሌዳ የያዘ ሰው እንዳይመጣበት። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ታዳሺ ባሕሩን እያየ "ና... አሁን" ይላል፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። ሎፓካ ይቀዝፋል። ማዕበሉ ሥሩ ያልፍና ያለ እሱ ሄዶ ዳር ላይ ይሰበራል።

እንደገና "አሁን።" ይቀዝፋል፣ ያልፈዋል። አንዱ ላይ ቸኮለ፣ ሌላው ላይ ዘገየ፣ አንዱ ደግሞ ገልብጦት ውሃ እየተፋ ወጣ። ማንም ምንም አይልም። ድሮ ቢሆን ለወር መሳለቂያ ይሆን ነበር። አሁን ሁሉም ዝም ብሎ ማዕበሉን ይለቅለታል፤ ያማረው ማዕበል ሁሉ፣ ሶዛ ሲያየው ምራቁን የሚውጠው ሁሉ፣ ባዶውን ያልፋል። ዳር ላይ ሲፈርስ ብቻ ነው ድምፅ ያለው።

ሎፓካ መቅዘፉን አቆመ። ውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ አደረገ።

"አበባው የታለ?" አለ።

"የምን አበባ?" አለ ታዳሺ።

"የምትበትኑብኝ። ከብባችሁኝ የለም እንዴ? ማዕበሉን ባዶውን እየለቀቃችሁልኝ የለም? አመዴን ማን ነው የያዘው፣ አንተ ነህ ታዳሺ?"

ያኔ ነው ቀና ብዬ ክቡን ያየሁት። እኛ ሰው ሲሞትብን እንዲሁ ነው የምናደርገው። አስከሬኑን አቃጥለን አመዱን ይዘን ማዕበል ከሚነሳበት እንዋኛለን፤ ክብ እንሠራለን፤ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ አበባ ይበተናል፤ ከዚያ የሚመጣው ማዕበል የሟቹ ነው፣ ሕያው ሰው አይነካውም። ያንን ክብ ስንቴ ሠርተነዋል፤ እጅና እግራችን ሳንጠይቀው ያውቀዋል። ታዳሺም ያየው ያኔ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሎፓካ፣ እኛ እኮ እንዳትጎዳ ብለን..." አለ።

"ድሮ ሶዛ የት እንዳለ በአፉ አውቅ ነበር" አለ ሎፓካ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አንተን በሳልህ፣ ኢዋን በስድቧ። ዐይኔ ደህና ሳለም ማዕበሉ የት እንደሚነሳ የሚነግረኝ የናንተ ጫጫታ ነበር። ዛሬ ሁላችሁም ዓሣ ሆናችሁብኝ። የት እንዳለሁ አላውቅም።" ከመዳፉ ላይ የሳንቃዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። "እንካ ታዳሺ። ኢዋ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ። ልተኛ።"

ልተኛ ሲል ደሜ ፈላ። በሱ አይደለም፣ በሁላችንም። በቁም የቀበርነው እኛው ነን፣ እኔም አብሬ ቆሜ ነበር። ቀና ስል ከኋላችን አንድ ማዕበል ተነስቷል፤ ረጅም፣ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ፀሐይ ያረፈበት። ለሎፓካ የተተወ። ማንም አይነካውም።

"እንግዲያው ይቺ የኔ ናት!" ብዬ ጮህኩ።

ክቡን በጥሼ በሎፓካ ፊት ቀዘፍኩ፤ እግሬ ሆዱን ሳይመታው አልቀረም። ማዕበሉ አነሳኝ። ስንት ጊዜዬ! ክንዴን ዘረጋሁ፣ ከሥሬ ያለው ውሃ ደነደነ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ሆነ። "አንተ እንቅልፋም!" እያልኩ ነበር የምሄደው። "ማዕበልህን ቀማሁህ! ምን ታመጣ! ሂድ ተኛ!"

ከኋላዬ የሶዛ አፍ ተከፈተ።

"ሌባ! አክስቴ ኢዋ ሌባ ናት! የሚቀጥለው የኔ ነው፣ ማንም እንዳይጠጋ!"

"ምኑ ነው ያንተ?" ብሎ ታዳሺ ጮኸ። "አንተ ሆዳም፣ ጠዋቱን ሙሉ ስትቁለጨለጭ አይቼሃለሁ!"

ክቡ ተበተነ። አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ እየተሳደበ፣ ውሃውን እየመቱ ወደሚቀጥለው ማዕበል ተሻሙ። እኔ ዳር አጠገብ ብቅ ብዬ ዞር ስል ሎፓካ መሐል ላይ ብቻውን ነው። የያዘው ሰው የለም። ምን አደረግሁ? ዐይነ ስውር ሰው ባሕር ላይ ጥዬ መጣሁ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ጆሮውን ወደ ሶዛ ጩኸት ቀስሮ ሳየው ግን ተውኩት። ሶዛ በቀኙ ነው፣ የታዳሺ ሳል በግራው። ሎፓካ ማሰሪያውን በጥርሱ ጠበቅ አደረገና ዞረ።

"ወግድ ከዚያ፣ አንተ ጣራ ሠሪ!" አለ።

ሌሊት አንሶላው ሥር እንደሚያደርገው ቀዘፈ። ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ፈጠን፣ ከዚያ ጸጥ።

ማዕበሉ ከፊቴ ቆመ። ፀሐይ ከኋላው ስለነበረች ውስጡ ይታያል። ሎፓካ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ክንዱ ተዘርግቶ፣ ሳንቃዋ በጫፏ ውሃውን እየሰነጠቀች፣ ነጭ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ዐይኑ ክፍት። ጊዜው የቆመ መሰለኝ። በአጠገቤ አለፈ፣ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር፣ አልዘረጋሁም። እየተሳደበ ነበር። እንዴት ደስ ይል ነበር ስድቡ!

ማዕበሉ ዳር ላይ አንስቶ አሸዋው ላይ ፈጠፈጠው። ሮጬ ስደርስ ተቀምጦ አሸዋ ይተፋል፤ አፍንጫው ትንሽ ደምቷል።

"ተጎዳህ እንዴ?"

"አንቺ ሌባ!" አለኝ። "ማዕበሌን ሰረቅሽኝ። እኔ ደግሞ ያንን አፈኛ አስቀደምኩት?"

"አስከተልከው።"

"እሰይ!" አለና ተነሳ። የውሃውን ድምፅ አዳመጠ፤ ከዚያ ወደሱ ጀርባውን ሰጠ።

"ቆይ፣ አብሬህ ልግባ" አልኩት።

"አንቺ ቅሪ። ስትለፈልፊ የባሕሩን ድምፅ ትሸፍኚብኛለሽ።"

መቅዘፊያ ያጠለቀ ሰው ወደ ፊት መራመድ አይሆንለትም፣ ይደናቀፋል፤ ወደ ባሕር የሚገባው ኋሊት ነው። ሎፓካም ኋሊት መሄድ ጀመረ፤ ፊቱ ወደኔ፣ ዐይኑ ልክ እኔ የቆምኩበት ላይ። እንባዬ መጣ። እንዳያየኝ ብዬ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና በራሴ ሳቅኩ፤ ተመልሼ አየሁት፣ እንባዬንም ተውኩት ይውረድ።

ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሶ ነበር። "ምነው ዝም አልሽ?" ብሎ ጮኸ። "የት ነሽ?"

"እዚህ!" አልኩት። ድምፄ ተሰበረ።

ለአፍታ ቆመ። "ኢዋ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሰማሁት። "ነገ በጊዜ ቀስቅሺኝ።"

ከዚያ ማዕበል ከጀርባው መጣ፤ እሱም ዞረ፣ ሥሩ ገባ።