ሚስማር የሌለው ቤት

ጋሽ ንዋይ ከዙሪክ ጀምሮ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ባቡሩ ንጽሕና፣ ስለ ጡረታ ጓደኞቻቸው የጉልበት ሕመም ሲያወሩኝ መጡ። ስለ ልጃቸው ስለ ዮሐና ግን ትንፍሽ አላሉም። ሎዛንን ስናልፍ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

«ዓብዱልሰመድ፣ አይቼው ባይገባኝስ? ምን እላታለሁ?»

አላህ ያውቃል ብዬ መንደሪን ልጬ ሰጠኋቸው።

ዮሐና አንድ ልጃቸው ናት። የሕግ ትምህርቷን ትታ ጄኔቫ አንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሞንታዥ ትሠራለች፤ ከሩቅ አገር ተፈታቶ የሚመጣውን ሥራ መልሳ ትገጥማለች። ጋሽ ንዋይ ሰው ሲጠይቃቸው «ሳንቃ ትገጥማለች» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። እዚያው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤቷ ገብተው ያውቃሉ፤ ሥራ ቦታዋን ግን እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ሰሞኑን ጃፓን ውስጥ ካለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም አንድ ቤት በሳጥን ተጭኖ መጣና እሷ ገጠመችው። ነገ ይፈርሳል። ደውላ «አባዬ፣ አንዴ ብቻ ና» ስትላቸው እንቢ ማለት አቃታቸው፤ ብቻቸውን መሄዱም ከበዳቸውና እኔን ከሰፈሬ ከዜባህ ጠሩኝ።

ቤቱ ሰፊ ነጭ አዳራሽ መሀል ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች እንጨት ነው። በሩ አጭር ነው፤ ማንም ቢሆን ጎንበስ ሳይል እንዳይገባ ሆን ተብሎ የተሠራ። ሰው የሚገባው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ በሩ ግን አንድ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። እዚህ ላይ ተያዝን።

«ይቅደሙ» አልኩ።

«ምን ሲደረግ? ልጅቷ የኔ፣ እንግዳው አንተ። ግባ።»

እኔ በዕድሜ ተከራከርኩ፣ እሳቸው በእመቤቴ ማሉ። እኔ ክንዳቸውን ስስብ እሳቸው ትከሻዬን ይገፋሉ። ከኋላችን ያሉት መጀመሪያ በትዕግሥት ጠበቁን። ኋላ ሁለት ባልቴቶች «ፓርዶን» ብለው አለፉን፤ ቀጥሎ ፍቅረኞች፣ ቀጥሎ ሕፃን ያዘለ አባት። ወረፋው በመሀላችን ገባ፣ ወጣ፣ አለቀ። ጥበቃው ሰዓቱን አየ፤ መዝጊያው ደርሷል።

ያኔ ነው ጋሽ ንዋይ በሩን ላለማየት ፊታቸውን እንዳዞሩ ልብ ያልኩት። ይሉኝታ መስሎኝ ስሟገት ለካስ ፍርሃት ኖሯል። ክርክሩን ተውኩ፤ ቢስሚላህ ብዬ ጎንበስ አልኩና ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ የተላገ እንጨት ይሸታል። የዕለቱን እንግዶች የምትቀበለው ዮሐና ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬስ?»

«ደጅ ናቸው» አልኳት።

የጫማቸው ኮቴ ወደ በሩ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ቆመ።

«ቤቶች!»

ሰው ደጅ ስንቆም የምንጣራው ነው። የሳንቃ ክምር ፊት ቆሞ ቤቶች የሚል የለም።

ዮሐና ከተቀመጠችበት ተነሣችና «ቤት ለእንግዳ» አለች።

ጎንበስ ብለው ገቡ። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ሚስማሩ የት አለ?»

«የለውም፣ አባዬ።»

«ታዲያ በምን ቆመ?»

እጃቸውን ይዛ ወደ መጋጠሚያው ወሰደችው። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ለጥበቃውም ባለችኝ ፈረንሳይኛ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያሉት ሰው የገጠመችው ልጅ አባት መሆናቸውን ነገርኩት። ሰዓቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ሌሎቹን ክፍሎች ቀድሞ ሊዘጋ ሄደ።

በባቡር ስንመለስ ጋሽ ንዋይ የሁለት እጃቸውን ጣቶች አቆላልፈው ያሳዩኝ ጀመር። አንደኛው እንጨት ምላስ አለው፣ ሌላው ጉድጓድ፤ ተናክሰው ነው የቆሙት። «ዮሐና ናት የገጠመችው» አሉኝ። እኔም እዚያው ቤት ገብቼ እንደነበር አላስታወስኳቸውም። የበርንን ከተማ ስናልፍ ፊት ለፊታችን ለተቀመጠች ለማናውቃት ሴትዮ በጀርመንኛ ከመጀመሪያው ጀመሩላት። እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ።