አ! ያፏጩ

ብሎን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ተቀምጦ፣ ሦስተኛውን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ። ያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ይላል፦ በዋሻው አጠገብ የሚኖሩ አመልካች በፉጨት ምክንያት ሥራ መሥራት አልቻሉም፤ አመልካቿ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቀርበው አቤቱታቸውን ካላነሡ ዋሻው በብረት በር ይዘጋል።

አመልካቿ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ እህቱ! ያውም ታላቁ።

"ወይ ጉድ! እትዬ ከሰሰችኝ!" አለና ሳቅም ንዴትም ባንድ ላይ መጥተውበት ትን አለው።

ዋሻው ተዘጋ ማለት መንገዱ አበቃለት ማለት ነው። ባቡሩ መሄድ ካቆመና ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ፣ ስድስት የባቡር ጡረተኞች ኮሚቴ አቋቁመው፣ እሾሁን መንጥረው፣ ቦይ ቀድደው፣ ጠጠር አልብሰው የእግርና የብስክሌት መንገድ አደረጉት። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፤ ዋሻው መሀሉ ላይ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ወንዝ ነውና መዞሪያ የለውም። ብሎን ዕድሜውን ሙሉ የሐዲድ ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ ስሙም በዚያው ቀረ፤ አሁን ደግሞ የመንገዱ ተቆጣጣሪ ነው። ጠዋት ጠዋት አካፋውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሲከንፍ ያየው ሰው ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው ቢሉት አያምንም። መንገዱ ከሌለ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሊቆጥር ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። የባቡር ሠራተኛ የዛገ ታፔላ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። በመስመሩ ላይ ያገኙትን ሁሉ ፍቀው ቀለም ቀቡት። ከዋሻው አፍ ሃያ እርምጃ ላይ የቆመውንም አልማሩትም። በነጭ መደብ ላይ በጥቁር፣ በትልልቁ፣ "ያፏጩ" ይላል። ለባቡር ነጂው የተጻፈ ነዋ! ዋሻ ከመግባቱ በፊት ጡሩምባውን እንዲነፋ። ስድስቱም ይህን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ ስለሚያውቁት፣ ባቡር ነድቶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ሰው ደግሞ ታዛዥ ነው። አነበበ፣ አፏጨ። አንዲት ነርስ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አፏጨች። አንድ የባንክ ሠራተኛ ከነከረባቱ ብስክሌቱን ገታ አድርጎ አፏጨ። ማፏጨት የማይችለውም ቢሆን "ፉ! ፉ!" ሳይል አላለፈም። ዋሻው ደሞ አይጣል ነው፤ አንዷን ፉጨት ተቀብሎ አምስት አድርጎ ይመልሳታል። ሰዉ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ልብ አገኘ፤ ለማፏጨት ብቻ ከሌላ ሰፈር የሚመጣም ተፈጠረ።

የእትዬ ቤት ያለው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ነው። አባታቸው የዋሻ ጠባቂ ነበሩና ቤቱ ለሷ ቀረ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ መስኮቱም ከታፔላው ፊት ለፊት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብሎን በሯን አንኳኳ።

"እትዬ፣ እኔ ወንድምሽ እያለሁልሽ ማዘጋጃ ቤት ምን ወሰደሽ?"

"አንተ ተቆጣጣሪ ነህ አይደል? እኔ ደግሞ አመልካች ነኝ። የምትለው ካለህ በጽሑፍ አምጣ።"

"ኧረ ባክሽ እትዬ!"

"ምን እትዬ እትዬ ትለኛለህ? ትናንት አንዱ ድንገት ሲያፏጭ ደንግጬ እጅጌውን ካንገትጌው ጋር ሰፋሁት! ደንበኛዬ እጇን በየት በኩል ታውጣው?"

መሳቅ አልነበረበትም። ሳቀ። በሩ አፍንጫው ላይ ድርግም አለ።

ሐሙስ ማለዳ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ብሎን ታፔላውን እንንቀለው ሲል፣ ሊቀ መንበሩ፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ደሙ ፈላ።

"ታፔላ ከቦታው አይነቀልም! ደንብ ደንብ ነው!" አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ "የምን መንቀል ነው? አንዲት ፊደል እኮ ናት የጎደለችው። ከፊቱ 'አ' ጨምርበት፤ 'አያፏጩ' ይሆናል። አለቀ፣ ደቀቀ!" አለ።

ተጨበጨበ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዞ እንዴት ባቡር ሲነዳ ቀረ እየተባለ ተመሰገነ።

ብሎን ብሩሹን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ። ታፔላውን ከምሰሶው ጋር የያዘች አንዲት ቀጭን የላሜራ ቁራጭ ከጽሑፉ በስተግራ ቀጥ ብላ ወርዳለች፤ ከሥሯ አንድ ብሎን አለ። ከላሜራዋ ወዲህ ለ"አ" የሚሆን ቦታ የለም። ምን ይደረግ? ከወዲያ ጻፋት። ጥቁሩ ቀለም አልቆ ስለነበር በቀይ። ወርዶ ራቅ አለና ሲያየው ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ያምራል። ከዚያ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ነርሷ መጣች። ቆመች። አነበበች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አ!" ብላ ጮኸችና አፏጨች።

ብሎን ክው አለ። ተነሥቶ ታፔላውን እንደገና አየ። ላሜራዋ ቀጥ ብላ ወርዳ፣ ብሎኑ ከሥሯ ነጥብ ሆኖ… "አ! ያፏጩ"! አፉን በእጁ ያዘ። የባንኩ ሰውዬ ከኋላው ደርሶ ከረባቱን ላላ አደረገና "አ!" አለ። ዋሻውም አምስት ጊዜ "አ!" አለ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ የሩጫ ቡድን መጣ፤ ሠላሳ ሰው! ሠላሳው ባንድ ድምፅ "አ!" ሲሉ የእትዬ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ብሎን መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ ዓርብ ትዝ አለውና ሳቁ ቀጥ አለ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ሲሆን መሰላሉን ተሸክሞ በብስክሌቱ ሄደ። ደንብም ይሁን ሌላ፣ ታፔላውን ነቅሎ እግሯ ሥር ሊጥልላት ቆርጧል። እትዬ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መሰላሉንም ብስክሌቱንም ጥሎ ወደሷ ሮጠ።

"እትዬ፣ ኧረ አታልቅሺ በሞቴ!"

እጇን ስታነሣ በሳቅ ፍርስ ብላለች። "'አ' ይላሉ እኮ!" አለች። "ከትናንት ጀምሮ… 'አ' ይላሉ! ከረባት ያሰረው ሳይቀር!"

እሱም ፈነዳ። ሁለቱም በረንዳው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ሳቁ ሲበርድላት ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

"ሰባት ዓመቴ ነበር" አለች። "እዚህችው ቆሜ አፏጨሁ፤ ዋሻው መለሰልኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማን ነገረብኝ?"

ብሎን ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። እየሮጠ አባታቸው ዘንድ ሄዶ ያለውን ቃል በቃል ያስታውሰዋል።

"እኔ" አለ።

"አባባ ሴት ልጅ አታፏጭም ብለው በኩርኩም አናቴን አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አፏጭቼ አላውቅም። አሁን ይኸው አገር ምድሩ፣ ሴቱ ወንዱ፣ በመስኮቴ ሥር እያፏጨ ሲያልፍ… ቀናሁ! ሥራ አልሠራ አለኝ ያልኩት ውሸቴን ነው። ቀንቼ ነው!"

"ይቅር በይኝ እትዬ።"

"ስድሳ ሦስት ዓመት አርፍደሃል።" ሜትሩን ካንገቷ አወለቀች። "ማዘጋጃ ቤት እሄድልሃለሁ። መጀመሪያ ግን አፏጫለሁ።"

ታፔላው ሥር ቆመች። ከንፈሯን አሾለች። "ፍፍፍ" አለ፤ ባዶ ነፋስ። ደገመች። ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። ብሎን ሰዓቱን ያያል፤ አሥር ተኩል ሊሆን ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ከዋሻው ወዲያ አራት ኪሎ ሜትር ነው።

"ምላስሽን ዝቅ አድርጊ። ጉንጭሽን አትንፊ!"

"አንተ አትጩኽብኝ!"

ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ደረሰችና ቆመች። የባንኩ ሰውዬም ቆመ። ከነሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ማንም እሷን ቀድሞ ሊያፏጭ አልፈለገም።

"እማማ፣ ከንፈርዎን ያርጥቡት" አለች ነርሷ።

"ኧረ በቅድሚያ 'አ' ይበሉ!" አለ የባንኩ ሰውዬ፤ ወደ ታፔላው እየጠቆመ። "ተጽፏል እኮ!"

እትዬ "አ!" አለች፤ ከሆዷ፣ በሙሉ ድምፅዋ። ከንፈሯን ረጠብ አድርጋ ነፋች። መጣ! ቀጭን፣ ጠማማ፣ ግን ፉጨት! ዋሻው ተቀብሎ አምስት አደረገላት። የቆመው ሕዝብ በጭብጨባ አበደ፤ ነርሷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እትዬ ግን ማንንም አላየችም፤ እንደገና አፏጨች፤ እንደገና።

"እትዬ፣ ሰዓቱ!"

ከብስክሌቱ የኋላ መጫኛ ላይ በጎን ተቀምጣ ወገቡን ያዘች። ብሎን ባለ በሌለ ጉልበቱ ፔዳሉን ረገጠ። ዋሻው ውስጥ አፏጨች፤ ከወጡም በኋላ አፏጨች፤ ቁልቁለቱ ላይ "ፍሬን! ፍሬን!" እያለች በመሀል በመሀሉ አፏጨች። እሱ ትንፋሹ አልቆ ይስቃል፤ ብስክሌቱ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት በር ላይ ወረዱ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ መሳቢያውን ሊቆልፍ ሲል ደረሱበት። እየተነጫነጨ ቅጽ አወጣ። እትዬ ፈረመች። ሰውየው ቅጹን ወደ ራሱ አዞረና ባዶ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"አቤቱታው የተነሣበት ምክንያት?"

የእትዬ ጸጉር ተበታትኗል፤ ጉንጯ ቀልቷል። ወንድሟን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"በል ንገርብኝ" አለችው።

ብሎን መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ያቺኑ የድሮዋን ቃል አወጣት።

"እትዬ አፏጨች" አለ።

ሠራተኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ፤ እንዳለ ጻፈውና ማኅተሙን መታበት።