ረጅሙ የምሳ ጸሎት

«ውይ! እሷ ናት!» አለ ሰባኪው በሆዱ፣ በበሩ የገባችውን ልጅ ሲያይ። ሰባኪ አይፈራም ያለው ማነው? እናቱን ከቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ የተውሶ ወንበሩ እስከ በረንዳ ተደርድሯል። የገባችው የምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት፤ ማንንም ሳትጠይቅ ጓዳ ዘልቃ ትሪ አነሳችና ሻይ ማደል ጀመረች። በዚያ ሁሉ ጉልበትና ወንበር መሃል ማንንም ሳትነካ ታልፋለች።

«ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ መጣች?» አለ ወደ አክስቱ ጠጋ ብሎ።

«እኔ ምን አውቄ! እናትህ የማታውቀው ሰው አለ እንዴ? ይልቅ ተዘጋጅ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። መጀመሪያ አንተ ትናገራለህ፤ ከዚያ ስለ እናትህ የሚመሰክር ካለ ይነሳል።»

የሚመሰክር ካለ ይነሳል! ላቡ በጀርባው ወረደ። ይቺ ልጅ ብትነሳስ? አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ከዚያ ወዲያ በየትኛው አፉ ስለ ፍቅር ሊሰብክ ነው?

ነገሩ የሆነው አምና፣ አንድ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እሱ፣ እናቱና ጥቂት መዘምራን ምሳ ሊበሉ አንድ ምግብ ቤት ገቡ። ጠረጴዛውን በመጽሐፍ ቅዱስና በመዝሙር ደብተር ሞሉት። ይቺው አስተናጋጅ ከእሳት የወረደ የብረት ሳህን በስስ ጨርቅ ይዛ ስትደርስ እሱ «እንጸልይ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ጸሎቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ለታመሙት ጸለየ፣ ለመንገደኞች ጸለየ፤ ለተራቡት ሲደርስማ ዘለግ አደረገው። ልጅቷ ማስቀመጫ የላትም። ጸሎት አቋርጣ «መጽሐፉን አንሱልኝ» አትል ነገር፣ ነውር ሆነባት። ለ«አሜን» ትንሽ ሲቀረው ሳህኑ ከእጇ አመለጠ፤ መረቁ ሱሪው ላይ ተደፋ።

«አንቺ! ዓይን የለሽም? ምን ዓይነቷ ናት!» ብሎ ጮኸ። አለቃዋ እየሮጠ መጥቶ እዚያው ሽርጧን አስፈትቶ ከሥራ አባረራት። መዳፏን ያየላት አልነበረም፣ ከእናቱ በቀር።

«ልጄ፣ እግዜር እኮ ባጭሩም ይሰማል። የልጅቷ እጅ ተቃጠለ» አለችው እናቱ መንገድ ላይ።

«እማዬ ደግሞ! አስተናጋጅ ናት እኮ።»

እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት እስኪደርሱ ፊት ፊቱን ሄደች። ያ ጀርባዋ ዛሬም ዓይኑ ላይ አለ።

ሰባኪው ተነስቶ ጓዳ ገባ። አስተናጋጇ ብርጭቆ ታለቀልቃለች።

«ምን ልትናገሪ ነው የመጣሽው?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«ምን እናገራለሁ ጋሼ? ላለቅስ ነው የመጣሁት።» እጇን አደራረቀች። የቀኝ መዳፏ ቆዳ ተጨማዷል። «እጄ እስኪድን ማዘር በየቀኑ ቤቴ እየመጡ ልብሴን ሲያጥቡልኝ፣ ልጄን ሲያበሉልኝ ነበር። በር ለበር ዞረውም ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ያለሁበት እሳቸው ያስገቡኝ ቤት ነው።»

«ስለ እኔስ ምን አለችሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች።

«'ልጄ ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው' አሉኝ። 'ሰው ምን ይለኛል እያለ ነው እንጂ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ይቅር በይኝ ይልሻል፤ ታያለሽ' አሉኝ። በመጡ ቁጥር 'መጣ እንዴ?' ብለው ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንትም ጠይቀውኝ ነበር።»

ሰባኪው ግድግዳውን ተደገፈ። እናቱ የሞተችው እሱን እየጠበቀች ነው። እስካሁን ልጅቷ እንዳትናገር ነበር የፈራው። አሁን የሚያስፈራው ዛሬም ዝም ብሎ ማለፉ ነው።

«ኧረ ና፣ ሰው እየጠበቀህ ነው!» አለች አክስቱ ከሳሎን።

ወጣ። የጻፈውን ወረቀት ቢያወጣም ፊደሉ አልታይ አለው።

«እናቴ...» ብሎ ቆመ። ወረቀቱን አጠፈው። «እናቴ ደግ ነበረች። እኔ አይደለሁም።» ከዚያ ሳህኑን፣ ጸሎቱን፣ ጩኸቱን፣ «አስተናጋጅ ናት እኮ» ያለውን ጭምር አንድ ባንድ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። አክስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ፍርሃቱም አልለቀቀውም፤ እንዲያም ሆኖ ወደ ጓዳው በር ሄደ።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት፣ ሁሉም እየሰማ። ወስዶ በሟች ቤተሰብ ረድፍ፣ ከአክስቱ ጎን አስቀመጣት። ሻይ ቀድቶ ይዞላት መጣ። ብርጭቆው በማስቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጫል፤ ሻዩ ጣቱ ላይ ፈሰሰና አቃጠለው፣ ግን አልለቀቀውም።

ልጅቷ በሁለት እጇ እጁን ከሥር ደገፈችለት።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይዤዋለሁ» አለችው።

እናቱ ከሞተች ጀምሮ ለሰባኪው አልወጣ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። እሷም ሻዩን ሳትጠጣ፣ እጁንም ሳትለቅ አለቀሰች።