ወፍጮው ዝም ያለ ጊዜ

ቢምረው ያንን ጨዋታ የሰማው ደጀን ላይ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ገና ጎረምሳ ነበር፤ በርሜል ናፍጣ ሊያስጭን መጥቶ ሽሮውን ይበላል። ከጀርባው ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። መልካቸውን ዛሬ ቢጠይቁት አያውቀውም፤ አንደኛው ያስለው እንደነበር ብቻ ትዝ ይለዋል።

«አገሪቱ ቡናዋን ሸጣ ሸጣ ያገኘችውን መልሳ ለነዳጅ ታፈሰዋለች» አለ የሚያስለው።

ሌላው ወደ አባይ በረሃ እጁን ሳይዘረጋ አልቀረም። «መብራቱ እኮ ከእግራችን ሥር እያለፈ ነው፤ ውሃ ብቻ እየመሰለን» አለ።

ከዚያ ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ተባባሉ። ምን እንደሆነ እንጃ፤ የመኪናው ረዳት «ባለ በርሜል!» ብሎ ተጣራና ቢምረው ቀሪውን ሳይሰማ ወጣ። ያቺ ግማሽ ጨዋታ ግን ከልቡ አልወጣችም።

ወፍጮ ቤት ከከፈተ በኋላ በየክረምቱ ታስታውሰው ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ሲሆን ናፍጣው በጀሪካን እየተከፋፈለ በአህያ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ያን ጊዜ ወፍጮው ይቆማል፣ መንደሩም ንፍሮ ይቀቅላል። ቢምረው የቆመውን ሞተር ተደግፎ «ይኸው፣ መብራቱ ከእግራችን ሥር እየሄደ» ይላል። ሚስቱ ፋንታነሽም «ይሂድ እንጂ፣ እኛ ምን አደረግነው» ትለዋለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ የገና ሰሞን፣ የመብራቱ ሽቦ መንደሩ ደረሰ። ቢምረው የናፍጣውን ሞተር ነቅሎ ጓሮ አስቀመጠው፤ በቦታው አዲሱን አስተከለ። አማተበና ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። በቃ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ።

«ስሚ ፋንታ! ስሚ! ምንም አይሰማም!» አለ ዕንባው እየመጣ። «የእግዜር ሥራ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ትጮኻለች?»

«ዶሮው ይጮህላታል» አለች ፋንታነሽ።

ነገሩን ያኔ አላስተዋለውም። አሮጌው ሞተር ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ አንዲት የዘይት ጣሳ ነበረችው። ሞተሩ ሲነሳ ጣሳዋ ኳ ኳ ኳ እያለች ሦስት ጋራ ተሻግራ ትሰማለች፤ ሴቶቹም እሷን ሰምተው ነበር እህላቸውን የሚጭኑት። ጣሳዋ ዝም ካለች ወፍጮው ተበላሽቷል ማለት ነው። ጥር ገባ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ተደረበ፣ የድግሱ እህል ሁሉ ግን ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ ወንዝ ተሻግሮ ወደሌላ የናፍጣ ወፍጮ ሄደ።

ቢምረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ተናገረ። ሰውም «እሺ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለው። ሰኞ ጠዋት ግን ሁሉም ጆሮውን ቀና አድርጎ ጠበቀ፤ ወፍጮው ዝም። «መብራቱ ሄዶበት ይሆናል» እያለ አህያውን ወደ ወንዙ ነዳ።

«ጣሳዋን ስቀልላቸው» አለች ፋንታነሽ።

«ጩኸቱ የናፍጣ ነበር። ሃያ ዓመት የጠበቅሁትን ዝምታ በዘይት ጣሳ ላሳብደው?»

«እንግዲያ የሠርጉ ወር እንዲሁ ይለፍና አሮጌውን ሞተር መልሰህ ትተክለዋለህ።»

ይህች ነገር እንቅልፍ ነሳችው። ሌላ ድምፅ አሰበ። ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፊሽካው የትምህርት ቤት ነው፤ ከበሮው የሠርገኛ ነው። የቀረው የእድሩ ጥሩምባ ነበር። ነፊው ዘንድ፣ አያ አስማማው ቤት፣ በጠዋት ሄደ።

«ጥሩምባው የሞት ነው እንጂ የዱቄት አይደለም» አሉ አያ አስማማው።

«ለሞት ሲሆን ረዥም ነው የሚነፉት። ለኔ አጭር አጭር ያድርጉልኝ። ሰው ይለየዋል።»

«ይለየዋል ነው የምትል?»

«ጆሮ አለው እኮ፣ አያ!»

ረቡዕ ማለዳ አያ አስማማው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው አጭር አጭር አድርገው ነፉ። ቢምረው ውስጥ ሆኖ ለሚመጣው ሰው ማሳያ የራሱን ጤፍ ይፈጫል። ወፍጮው ዝምተኛ ነውና ከውጭ ልቅሶ ሲመጣ ጥርት ብሎ ተሰማው። ደነገጠ። ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሜዳውን ሞልቶታል። ከፊት የወፍጮው የጥንት ደንበኛ እትዬ ማንጠግቦሽ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜ! ወፍጮህ ቀድሞህ ዝም አለ፣ አንተም ተከተልኸው ወይ!» ይላሉ።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አለ ቢምረው።

ማንጠግቦሽ ቀና ብለው ያንን ነጭ ሰው ሲያዩ «በስመ አብ!» ብለው አያ አስማማው ላይ ወደቁ። «አንተ ነህ እንጂ የሞትኸው!»

«እኔ አጭር አድርጌ ነው የነፋሁ፤ እግዜር ምስክሬ ነው!» አሉ አያ አስማማው።

«አጭር ቢሆን ድንገተኛ መሰለና!» አለ አንዱ ከኋላ።

መጀመሪያ የሳቁት ማንጠግቦሽ ናቸው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ማቃናቱን ረስተው እርስ በርስ ተደጋገፉ። ቢምረውም ዱቄቱን እያራገፈ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ማንጠግቦሽ ወደ ውስጥ ገቡ። ድንጋዩ ሲዞር አዩ። ዱቄቱን በእጃቸው ዘግነው አሸተቱት።

«ናፍጣ ናፍጣ አይልም» አሉ ቀስ ብለው። የልጃቸው ሠርግ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ጤፋቸው ነገ ወንዝ ሊሻገር ተሰፍሯል። «እኔ እብድ ነኝ? ይህን ትቼ ወንዝ የምወርድ?»

«ተናግሬ ነበር እኮ፣ እሑድ» አለ ቢምረው።

«እሑድ ተናገርህ፤ ሰኞ ዝም አልህ። መብራቱ ይኑር ይሂድ በምን እንወቅ? አየህ፣ ለሞትህ የመጣን ሰዎች ለዱቄትህ የማንመጣ መስሎህ ነው? ጥራን እንጂ!»

ቢምረው ቀና ሲል ፋንታነሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ያችን ጥላሸት የለበሰች ጣሳ ከጓሮ ይዛ መጥታለች።

«ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የተሰፋበት ጉብ ያለ ቦታ አለው» አለች። «ጣሳዋን ከጎኑ ብናንጠለጥላት በዞረ ቁጥር ይኮረኩማታል። መብራት ከሄደ ዝም ትላለች፤ ሰውም አርፎ እቤቱ ይቀመጣል። አንዲት ጠብታ ናፍጣ አትጠጣብህም።»

ቢምረው ሞተሩን አየ። እምም ይላል፣ እንዳማረበት። ቀጥሎ በሩን የሞላውን ሰው አየ፤ ሊቀብረው መጥቶ ገና የሚስቅ ሰው። ጣሳዋን ተቀበላትና ጥላሸቷን በጋቢው ጠርዝ ጠረገላት።

«እሺ» አለ። «አያ አስማማው፣ ጥሩምባውን ያስቀምጡና ይህን በርጩማ ይያዙልኝ። እኔው ራሴ እሰቅላታለሁ።»