በመጽሐፉ መሃል ያለች ጣት

ፊደል መቁጠር የጀመርኩት ፕላቶን የተባለው ልጄ የሚያነበውን ለማወቅ ነው። ንጉሣችን ዛሩ ከተገደሉ ወዲህ በፒተርስቡርግ ተማሪ ሁሉ ይጠረጠራል። ከጓደኞቹ ሁለቱን በዚህ ጾም ፖሊሶች ወስደዋቸዋል፤ የት እንዳሉ እናቶቻቸው እንኳ አያውቁም። እኔ ከእሱ ሌላ የለኝም። ስለዚህ ስድስቱን ቀን ፈትል ፋብሪካ ስቆም እሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሠራተኛ ሴቶች በተከፈተው ትምህርት ቤት እቀመጣለሁ።

አንድ እሑድ መምህራችን ሊዲያ አርካድዬቭና የአንድ ሥዕል ቅጂ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ጢሙ ያልተበጠረ፣ ትከሻው ላይ ሻል ጣል ያደረገ የተማረ ሰው ነው። ስሙን አልነገረችንም።

"ፊትም እንደ ፊደል ይነበባል" አለችን። "ያያችሁትን ንገሩኝ።"

"ሚስት የለውም" አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ፌክላ። "ብትኖረው ያን የተበጠሰ የሸሚዙን ቁልፍ ትተክልለት ነበር።"

"አንቺ ምን ጨነቀሽ፣ ልታገቢው ነው?" አለቻት ከኋላ አንዷ።

ሳቃችን ሳያልቅ በሩ ተከፈተና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪው ገቡ። ሁላችንም ተነሣን። ሊዲያ ሥዕሉን ልታወርደው እጇን ሰደድ አድርጋ መለሰችው። ሰውዬው ሽበታም ናቸው፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ።

"ተቀመጡ፣ እናቶቼ። እኔም ሥዕል እወዳለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ ምን አዩ?"

"ኡስቲኒያ ገና ጀማሪ ናቸው" አለች ሊዲያ ቶሎ ብላ።

ያፈረችብኝ መሰለኝና እልህ ያዘኝ።

እኛ ሥዕል ብለን የምናውቀው የቅዱሳንን ነው። ቅዱስን የምንለየው ደግሞ በእጁ በያዘው ነገር ነው። እናም ከፊቱ በፊት እጁን አየሁ።

"ጌታዬ፣ ቤታችን ያለው ቅዱስ ኒኮላይ መጽሐፉን ገልጦ ነው የያዘው፣ ማንም እንዲያየው። ይሄ ሰው ግን ዘግቶታል። ጣቱን ገጹ መሃል ትቷታል።"

"ለምን ይመስልዎታል?"

"ሰው ገብቶበት ነዋ። ሲወጣለት ሊቀጥል ነው። ዓይኑንም ይዩት፣ እኛን አይደለም የሚያየው፤ በሩን ነው።"



"ግሩም ነው። ማን አስተማረዎት?"

"ማንም፣ ጌታዬ። ልጄ እንዲሁ ነው። የግቢያችን ጠባቂ እንጨት ይዞ ሲገባ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

ፌክላ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ቦታ የጠበባት መስሎኝ ጠጋ አልኩላት።

"ልጅዎ ተማሪ ነው?"

"ሕግ ነው የሚያጠናው" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እንዲህ የሚያስተውሉ ሴት ጽሕፈታቸውስ እንዴት ይሆን? ስምዎንና የሚኖሩበትን ይጻፉልኝ እስቲ።"

እስከ አምና ድረስ በስሜ ቦታ መስቀል ነበር የማደርገው። አሁን ስሜን፣ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። እሳቸውም ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት። ወረቀቱን ለመምህሬ ይሰጧታል ብዬ ስጠብቅ፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። አመስግነውኝ ወጡ።

የሊዲያን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። እንደ ጠመኔ ነጥቷል።

"ይሂዱ" አለችኝ። "አሁኑኑ። ልጅዎ ያለውን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ይክተቱት። እሱንም ከቤት ያስወጡት።"

"ምን አልኩ እኔ?"

"ኡስቲኒያ፣ ይሩጡ።"

ካፖርቴን ሳልቆልፍ ሮጥኩ። በረዶው ላይ ከሱፍ የተሠራው ቫለንኪ ጫማዬ እየተንሸራተተ አላስኬድ አለኝ፤ ድልድዩ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ስነሣ አንድ በፈረስ የሚጎተት የበረዶ ሠረገላ አጠገቤ አለፈ። ተቆጣጣሪው ናቸው፤ ከጎናቸው ፖሊስ ተቀምጧል። ሲያዩኝ በትሕትና ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ሠረገላው ድልድዩን ጨርሶ ወደ እኛ መንገድ ታጠፈ።